ነገረ ድንጉላ በሃንተር ወንዝ ሸለቆ

ከሲድኒ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ከተራሮች ተነሥቶ በለም ሜዳ ውስጥ እየተጠማዘዘ ከወረደ በኋላ በኒውካስል ወደብ ወደ ባሕር የሚገባ ሃንተር የሚባል ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝ ሸለቆ የሰፈሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ገበሬዎች በ19ኛው መቶ ዓመት፣ የደቡቡ ምድር ብርድ አልፎ ፀደያቸው ሲገባ፣ ይኸውም በእኛ አገር መስከረም በሚጠባበት ሰሞን፣ በናፍቆት ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ ለርቢ የቀረቡትን ድንጉላ ፈረሶች ስም፣ ትውልድና ዋጋ የሚገልጸው የጋዜጣ ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያው አጭር ነው፤ ከራስጌው ባልደራስ ልጓሙን ይዞ የሚመራው ፈረስ ምስል በእንጨት ተቀርጾ ይታተማል፤ ከግርጌው ፈረሱ በዚህ ወቅት በማን እርሻ እንደሚቆም፣ ከማን እንደ ተወለደ፣ ባዝራውን ለማስጠቃት የሚሻ ሰው ስንት እንደሚከፍል ይነገራል። ይህ ጥቂት መስመር የአንድን ወረዳ ሀብትና ዕዳ፣ መተማመንና ተስፋ ጠቅልሎ የያዘ ሰነድ በመሆኑ፣ ስለ አገረ ገዥዎች ከተጻፉት ወፋፍራም መጻሕፍት ይልቅ የዚያን ዘመን ተራ ሰው ኑሮ አቅርቦ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ፈረስ ለዚያ አገር እንግዳ ፍጥረት ነው። በአውስትራሊያ ምድር ነጮች ከመድረሳቸው በፊት ሰኮና ያለው እንስሳ ከቶ አልነበረም። በ1788 ጃኑዋሪ 26 ቀን ግዞተኞችን የጫኑት የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሲድኒ ላይ መልሕቅ ሲጥሉ፣ በመንገዳቸው ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ የጫኗቸውን አንድ ድንጉላ፣ ሦስት ባዝራዎችና ሦስት ውርንጭሎች አብረው አወረዱ። ከዚያ ጥቂት መንጋ በመራባትና ከኬፕና ከህንድ በሚመጣው በመደገፍ፣ በ1800 በቅኝ ግዛቱ ሁሉ የነበሩት ፈረሶች ቁጥር ገና ወደ 200 ቢደርስ ነው። ፈረስ የሌለው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ባዝራ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ መልካም ድንጉላ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ የድንጉላው ባለቤት የፈረሱን ዘር ለጎረቤቱ በገንዘብ መስጠቱ፣ ጎረቤቱም ባዝራውን ነድቶ እስከዚያ መሄዱ ገና ከጅምሩ የተለመደ ሆነ፤ በ1803 ሲድኒ ጋዜት የተባለው የአገሩ የመጀመሪያ ጋዜጣ መታተም ከጀመረ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ይኸው ልማድ ወደ ጋዜጣው ገጽ ገባ።

ከእንግሊዝ አገር አንድ ድንጉላ ማስመጣት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። መርከቡ አራት ወይም አምስት ወር በባሕር ላይ ይቆያል። ፈረሱ ከመርከቡ ወለል በታች ጎንና ጎኑ በተለበደ ጠባብ በረት ውስጥ ቆሞ፣ ማዕበል ሲነሣ ወድቆ እንዳይሰበር ከሆዱ በታች በሰፊ ሸራ ተደግፎ ይጓዛል፤ እንደ ሰው ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ስለ ሆነም የባሕሩ ሕመም ሲይዘው ሥቃዩ ሁሉ በውስጡ ይቀራል። ብዙዎች በመንገድ ሞተው ወደ ጥልቁ ተጥለዋል። በሕይወት የደረሰው ግን ዝናው ከመርከቡ ቀድሞ ይወርድ ነበር። ሬንቦው የተባለችው የጦር መርከብ አዛዥ የነበረው ካፒቴን ሄንሪ ጆን ራውስ፣ በኋላ ዘመን አድሚራል ተብሎ የእንግሊዝን የፈረስ እሽቅድምድም ሥርዓት በታላቅ ሥልጣን የመራው ሰው፣ በ1820ዎቹ ዓመታት በዚያ ባሕር ሳለ ኤሚግራንት የሚባል ድንጉላ አስመጥቶ ነበርና፣ ባለቤቱ አገሩን ለቆ ከሄደ በኋላም ፈረሱ «የራውስ ኤሚግራንት» እየተባለ በዘሩ ሲታወስ ኖሯል።

የሃንተር ሸለቆ ታሪክ የሚጀምረው በግዞት ነው። በ1804 በወንዙ አፍ ላይ የተቆረቆረችው ኒውካስል፣ ሁለተኛ ጥፋት ያጠፉ ግዞተኞች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍሩባትና ዝግባ የሚቆርጡባት የቅጣት ሰፈር ነበረች፤ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ግን ግዞተኞቹ ወደ ሰሜን እንዲዛወሩ ተደርጎ ሸለቆው ለነጻ ሰፋሪዎች ተከፈተ። ሄንሪ ዳንጋር የተባለው ቀያሽ መሬቱን በገመድ ለካ፤ መንግሥትም ከእንግሊዝ ይዞት በመጣው ገንዘብ ልክ ለእያንዳንዱ ሰፋሪ መሬት ሰጠ፤ መሬት የተቀበለውም ሰው ግዞተኞችን እየመገበና እያለበሰ ያሠራ ዘንድ ግዴታ ገባ። በ1824 ደግሞ የአውስትራሊያ የእርሻ ኩባንያ የሚባል ማኅበር በእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ ተቋቁሞ፣ 1 ሚሊዮን ኤከር መሬት ተፈቅዶለት፣ ከሃንተር በስተ ሰሜን በፖርት ስቲቨንስ በጎችን፣ ከብቶችንና ፈረሶችን ማርባት ጀመረ። በ1829 ኩባንያውን ሊያስተዳድር የመጣው ዊልያም ኤድዋርድ ፓሪ፣ ቀድሞ በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል የባሕር መንገድ ሲፈልግ ስሙ የተጠራ መርከበኛ ነበር። ከ1831 ጀምሮ ሶፊያ ጄን የተባለችው በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ከሲድኒ ወደ ሃንተር ትመላለስ ስለ ነበር፣ ሸለቆው ለባሕር ማዶ ዕቃና ለባሕር ማዶ ፈረስ በሩ ተከፈተለት፤ ሞርፔዝ ወደቡ፣ ሜትላንድ ገበያው፣ ሲንግልተን፣ መስዌልብሩክና ስኮን የላይኛው ሸለቆ ከተሞች ሆኑ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሬቱ ባለቤት አልባ አልነበረም። በሸለቆው ውስጥ ወናሩዋ የሚባሉ ሕዝቦች፣ በፖርት ስቲቨንስ በኩል ደግሞ ዎሪሚ የሚባሉ ሕዝቦች ከጥንተ ዘመን ጀምሮ ይኖሩ ነበር፤ እነርሱ ከወንዛቸው ዳር የተፈናቀሉበትን ታሪክ ሳያነሡ የፈረሱን ታሪክ ብቻ ማወደስ ለእውነት መታመን አይደለም። በ1825 የተቋቋመው ፈረሰኛ ፖሊስ በማግሥቱ ዓመት በሃንተር ሸለቆ ውስጥ ጥንተ ነዋሪዎችን ያሳደደው በዚሁ አዲስ በተራባው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው። በ1838 ጁን 10 ቀን፣ ከሸለቆው ባሻገር በማያል ክሪክ፣ በፈረስ የመጡ ሰዎች ቢያንስ 28 የሚሆኑ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን አስረው ወስደው ፈጇቸው፤ የግፉ ቦታም ያ የሸለቆው ቀያሽ የሄንሪ ዳንጋር የከብት ማሠማሪያ ነበር። ከገዳዮቹ ሰባቱ ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። ፈረስ ለሰፋሪው እርሻና መንገድ እንደ ሆነለት፣ ለተፈናቃዩ ደግሞ በደል ተጭኖበት የሚመጣ እንስሳ ነበርና፣ ስለ ርቢው የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ሊጽፍ ግድ ነው።

በ1843 ጃኑዋሪ ወር ሜትላንድ ሜርኩሪ የሚባለው ጋዜጣ በሸለቆው መታተም ከጀመረ ወዲህ የድንጉላው ማስታወቂያ የራሱን ቤት አገኘ። የአጻጻፉ ሥርዓት እንደ ቤተ ክርስቲያን ግጻዌ የታወቀና የማይለወጥ ነበር። መጀመሪያ የፈረሱ ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ ከውጭ የመጣ ወይም በአገሩ የተወለደ መሆኑ፤ ከዚያ መልኩ፣ ዳማ ወይም ጉራች፣ ግንባሩ ቦራ ወይም እግሩ ነጭ መሆኑ፤ ቁመቱም አራት አራት ኢንች በሆነው «እጅ» በሚሉት መለኪያ ተቆጥሮ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል፤ እርሱም ሐረገ ትውልዱ ነው። እገሌ ከእገሌ ተወለደ፣ እገሌም ከእገሌ ተወለደ እየተባለ እስከ አምስትና ስድስት ትውልድ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ እንግሊዝ አገር ከገቡት የምሥራቅ ፈረሶች እስከ ዳርሌይ ዐረብና እስከ ጎዶልፊን ድረስ ይቆጠራል። በሎንዶን ዌዘርቢ የተባለው ሰው ከ1791 ጀምሮ ያሳተመው የንጹሕ ዘር ፈረሶች መዝገብ ለዚህ ቆጠራ እንደ ሕገ መጽሐፍ ነበርና፣ በዓለም ጫፍ ያለ ገበሬ፣ ያቺን መዝገብ ባይኑ አይቶ የማያውቅ እንኳ፣ በእርሷ ስም ሲማልለት ያምን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስተውል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ አንድን የሚያነብ ሰው፣ ከአብርሃም ጀምሮ አባቶች ሲቆጠሩ በመካከል ትዕማር፣ ራኬብ፣ ሩት፣ የኦርዮም ሚስት የነበረችው መጠራታቸውን ልብ ይላል፤ በድንጉላው ማስታወቂያ ግን እናት ብዙ ጊዜ በስሟ አትጠራም። እናቱ የእገሌ ልጅ፣ አያቱ የእገሌ ልጅ፣ ቅድመ አያቱ የእገሌ እኅት ተብላ፣ ባዝራይቱ ሁሉ በአባቷ ወይም በወንድሟ ስም ትታወቃለች። ድንጉላው ዘንድ የሚመጡት የወረዳው ባዝራዎች ደግሞ፣ ማረሻ የሚጎትቱት፣ ወተትና እህል ወደ ገበያ የሚያደርሱት፣ ልጆችን ተሸክመው ወንዝ የሚያሻግሩት፣ ምንም ስም የላቸውም። ውርንጭላው በወር ከተቆጠረ አሥራ አንድ ወር በእናቱ ማሕፀን ኖሮ፣ የደሙን እኩሌታ ከእርሷ ወስዶ፣ ወተቷን ጠብቶ፣ አካሄዷንና ጠባይዋን ከሥሯ ሆኖ ተምሮ ሳለ፣ ለሕዝብ የሚታወጀው የአባቱ ዝና ብቻ መሆኑ ለእኔ ከባድ ጉድለት ሆኖ ይታየኛል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ማስታወቂያው በገንዘብ የሚታተም ነውና፣ ስሙ እንዲነገርለት የሚከፈልለት የሚሸጥ ነገር ያለው ወገን ብቻ ነበር።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ክፍያው 21 ሺሊንግ በሚያወጣው በጊኒ ይጻፋል፤ ጊኒ የባላባቶችና የባለሙያዎች ሒሳብ እንጂ የገበያ ሒሳብ ስላልነበረ፣ የፈረሱን ክብር ከፍ የሚያደርገው ይህ ራሱ ነበር። ታላቅ ስም ያለው የእሽቅድምድም ፈረስ ብዙ ጊኒ ይጠየቅበታል፤ የጋሪና የማረሻ ድንጉላ ግን ለትንሹ ገበሬ በሚመጥን ዋጋ ይቀርባል። ከዋናው ዋጋ በላይ ለባልደራሱ የሚሰጥ ጥቂት ሺሊንግ አለ፤ እርሱም ገበሬው ባዝራውን ባስረከበበት ቀን በእጅ የሚከፈል ነው። ዋናው ግን እስከ ወቅቱ መዝጊያ፣ ብዙ ጊዜም እስከ አዲስ ዓመታቸው መግቢያ ድረስ ይቆያል። ባዝራውን ሩቅ ካለ ስፍራ ያመጣ ሰው በታጠረ የግጦሽ መስክ ሊያስቀምጣት ይችላል፤ ለዚህም በሳምንት የሚታሰብ ክፍያ አለ፤ መስኩ ሣርና ውኃ የሞላው መሆኑ ይነገርና፣ ከዚያ በኋላ ለባዝራይቱ ጥንቃቄ ሁሉ እንደሚደረግ፣ ነገር ግን ጉዳት ቢደርስባት ባለ እርሻው ኃላፊ እንደማይሆን የሚገልጽ ቃል ይከተላል። ይህ የመጨረሻው ቃል በየማስታወቂያው ሳይቀር ይገኛል። አጥር ዘሎ የሚጠፋ ፈረስ፣ የሚራገጥ ጎረቤት ባዝራ፣ በድንገት የሚሞላ ወንዝ ባለበት አገር፣ ኃላፊነትን በጽሑፍ መካድ ከሌለ ድንጉላ ማቆም በዕዳ መጥለቅ ነበር።

ድንጉላው ለምን ለሁሉ ክፍት ሆነ የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱን በገንዘብ እጥረት ውስጥ ያገኘዋል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የሱፍ ዋጋ ወድቆ፣ ባንኮች ብድር ነፍገው፣ ታላላቅ የሚባሉት ባለ ርስቶች ሳይቀሩ ከከሰሩ በኋላ፣ በግ ከሚሸጥ ይልቅ ቀቅሎ ስቡን ለሻማና ለሳሙና መላክ የሚሻልበት ዘመን መጣ። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ በብዙ ፓውንድ ያስመጡት ድንጉላ በጋጣ ቆሞ ገብስ ከሚበላ፣ ቢያንስ ምግቡን የሚያወጣበት መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ። ኩሩው ባለ ርስት የቤቱን መመኪያ ለባለ 30 ኤከር ተከራይ ባዝራ ያቀረበው በልግስና አልነበረም፤ ነገር ግን ከችግር የተወለደው ልማድ ከልግስና የሚበልጥ ሥራ ሠራ። ምርጡ ዘር በባለጸጎች አጥር ውስጥ ተከቶ ቢቀር ኖሮ፣ ወረዳው ጥቂት የሚያማምሩ ፈረሶችና እልፍ ደካሞች ይኖሩት ነበር፤ ዘሩ በየጎጆው በር ስለ ደረሰ ግን የተራው ሰው ፈረስ በትውልድ በትውልድ ከፍ አለ። የሸለቆው ፈረስ መልካምነት የመጣው ከጥቂት ስመ ጥር ድንጉላዎች ነው የሚሉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን የድንጉላውን በር የከፈተው ይህ የክፍያ ሥርዓት ባይኖር የድንጉላው ስም ብቻውን አንዲት ውርንጭላ እንኳ አያሻሽልም ነበር እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ይህን የሚያሳየው የተጓዡ ድንጉላ ሥርዓት ነው። ታላቁ የእሽቅድምድም ፈረስ በእርሻው ቆሞ ባዝራዎች ወደ እርሱ ይመጣሉ፤ የእርሻና የጋሪው ድንጉላ ግን ራሱ ወደ ባዝራዎቹ ይሄዳል። ማስታወቂያው የጉዞውን ቀን ዘርዝሮ፣ ሰኞ ከዚህ መጠጥ ቤት፣ ማክሰኞ ከዚያ መሻገሪያ፣ ረቡዕ ከአንጥረኛው ደጃፍ እያለ ይናገራል፤ ገበሬውም በቀኑ ባዝራውን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ባልደራሱ በሌላ ፈረስ ተቀምጦ ወይም በእግሩ እየሄደ፣ ድንጉላውን በረጅም ዛብ ይዞ፣ ጅራቱንና ጋማውን በጥብጣብ አስጊጦ፣ ከመንደር ወደ መንደር ያልፋል። የጉዞው ዙር የሚሰላው በባዝራይቱ ጠባይ ነው። ባዝራ ቀኑ እየረዘመ ብርሃኑ እየበዛ ሲሄድ ወንድ መሻት ትጀምራለች፤ ካልጸነሰችም በየ21 ቀኑ ገደማ ፍላጎቷ ይመለሳል፤ የወለደችው ደግሞ ውርንጭላዋ ገና በዘጠነኛው ቀን አካባቢ ሳለ ትሻለች። ስለዚህ ድንጉላው በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደዚያው ደጃፍ እንዲመለስ ይደረግና፣ ባዝራይቱ እንደ ገና ትፈተናለች፤ እምቢ ካለች እንደ ጸነሰች ይታመናል፤ ከተቀበለች ሥራው ይደገማል።

መፈተኛው ቀላል ነበር። በመካከላቸው ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ይደረግና ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኛሉ፤ ያልተዘጋጀች ባዝራ ጆሮዋን አስተኝታ ትጮኻለች፣ ትራገጣለችም፤ አግዳሚው የድንጉላውን ደረትና ጉልበት ያድናል። አንድ ርግጫ የብዙ መቶ ፓውንድ ፈረስ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ባልደራሱ ዓይኑን ከባዝራይቱ ኋላ እግር፣ እጁንም ከልጓሙ አያነሣም። የድንጉላው ኃይል እንዲጠበቅ በቀን ከሁለት ጊዜ ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም፤ የሚያገለግላት ባዝራ ቁጥር በየወቅቱ የተወሰነ መሆኑን የሚገልጹ ማስታወቂያዎች የሚበዙትም ለዚህ ነው።

ስለ ባልደራሱ የሚበቃ ነገር አልተጻፈም። እስከ 1840 ድረስ፣ ማለት ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዞተኛ መላክ እስኪቆም፣ በየእርሻው ጋጣ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ግዞተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በእንግሊዝና በአየርላንድ በፈረስ ሥራ ያደጉ፣ አንዳንዶቹም በዚያው በፈረስ ስርቆት ተፈርዶባቸው የመጡ ይገኛሉ። የፈረስ ሌባ የነበረው ሰው በምድሪቱ ላይ ካሉት ፈረሶች ሁሉ የሚከብረውን ተረክቦ ብቻውን በዱር መንገድ ይሄድ ነበር። ጌታው የሚያውቀው ባልደራሱ የሚነግረውን ብቻ ነው፤ ስንት ባዝራ እንደ ተጠቃች፣ ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ የሚጻፍበት ደብተር በእርሱ እጅ ነው። በየመጠጥ ቤቱ ማደሩ ፈተና ነው፤ ገበሬው ሁለት ሺሊንግ በድብቅ ሰጥቶ ባዝራውን ያለ መዝገብ ሊያስጠቃ መፈለጉም ፈተና ነው። ሥርዓቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይፈርስ መቆየቱ፣ ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት የተሰጣቸውን አደራ እንደ ጠበቁ ይመሰክራል፤ ለፈረሱ ያላቸው ፍቅርም ከደመወዛቸው የበለጠ ጠባቂ እንደ ነበረ እገምታለሁ።

በወንዙ የታችኛው ሜዳ፣ በሞርፔዝና በሜትላንድ ዙሪያ ያለው አፈር ደለል የሚያለብሰው ጥቁርና ከባድ ነው፤ በቆሎ፣ ስንዴና አልፋልፋ የሚያበቅለው ገበሬ የሚፈልገው ደረተ ሰፊ፣ እግረ ወፍራም የሆነ ጎታች ፈረስ ነበርና፣ የሳፎክንና የክላይዝዴል ዘር ድንጉላ ይመርጣል። በላይኛው ሸለቆ በስኮንና በመስዌልብሩክ ያለው ከብት አርቢ ግን በኮረብታ ላይ ሲያባርር የሚውል፣ ቀላል፣ ሰኮናው የጠነከረ፣ በሣር ብቻ የሚኖር ፈረስ ይሻል፤ እርሱም ለወፍራም የእርሻ ባዝራው የእሽቅድምድም ወይም የዐረብ ድንጉላ ያመጣላታል። ለሠረገላ የሚሆነውን የሚፈልግ ደግሞ በመካከለኛነት ክሊቭላንድ የሚባለውን ዳማ ዘር ይመርጥ ነበር። ከእነዚህ ቅልቅሎች የወጣው የአገሩ ፈረስ በመጽሐፍ የተመዘገበ ዘር አልነበረውም፤ ነገር ግን በህንድ የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ከ1830ዎቹ ጀምሮ እየገዙ ሲሞክሩት፣ ሙቀት የሚችል፣ ውኃ ጥም የሚታገሥ፣ ረጅም ጉዞ የማይሰብረው ሆኖ ስላገኙት፣ ከኒው ሳውዝ ዌልስ መምጣቱን በሚያመለክት ስም «ዋለር» ብለው ጠሩት። ከ1857 የህንድ ጦርነት በኋላ ፍላጎቱ በዛ፤ ፈረስ የጫኑ መርከቦች ወደ ማድራስና ወደ ካልካታ መመላለሳቸው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ቀጠለ። በየማስታወቂያው ላይም ድንጉላው ለህንድ ገበያ የሚሆን ውርንጭላ የሚሰጥ መሆኑ እንደ ምስጋና ይነገርለት ጀመር።

የዚያ ፈረስ ታላቁ ፈተና የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከአውስትራሊያ ከ130 ሺህ የሚበልጡ ፈረሶች ወደ ጦር ሜዳ ተላኩ። በ1917 ኦክቶበር 31 ቀን፣ አብርሃም ጕድጓድ በቆፈረባትና ዛሬ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በቤርሳቤህ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሱ ፈረሶች ላይ የተቀመጡ 800 ያህል የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በቱርክ ምሽግ ላይ ጋልበው ከተማይቱን ከነጕድጓዶቿ ያዙ። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ከወጪውና ከእንስሳት በሽታ ፍርሃት የተነሣ ፈረሶቹ ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ተፈረደ፤ ገሚሱ ለሌሎች ጦር ሠራዊቶች ተሸጠ፣ ያረጀውና የታመመው በጥይት ተገደለ። ከዚያ ሁሉ እልፍ መካከል ወደ አውስትራሊያ የተመለሰው ሳንዲ የሚባለው የጄኔራል ብሪጅስ ፈረስ ብቻ ነው።

በአገር ቤት ግን ልማዱ አስቀድሞ መዳከም ጀምሮ ነበር። በ1851 ወርቅ ሲገኝ፣ ማናቸውም አራት እግር ያለው ፈረስ በውድ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ሰው ዘር መምረጥ ተወና ርካሹን ድንጉላ ያዘ። ከ1857 እስከ 1872 ድረስ ባቡር ከኒውካስል ወደ ሜትላንድ፣ ወደ ሲንግልተን፣ ወደ ስኮንና ወደ ሙሩሩንዲ ሲዘልቅ ደግሞ፣ ባዝራውን በባቡር ሩቅ አገር መላክ ቀለለ፤ የመንገድ ዳሩ ድንጉላ ለድኻው ብቻ ቀረ። ጉድለት ያለባቸው፣ ሰኮናቸው የታመመ፣ ትንፋሻቸው የተቆራረጠ ድንጉላዎች በርካሽ ዋጋ እየዞሩ ጉድለታቸውን በየበረቱ ስለ ዘሩ፣ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ያልፈቀደለት ድንጉላ ለርቢ እንዳይቀርብ የሚከለክል ሕግ በ1918 በራሷ በእንግሊዝ ወጣ። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የመጣው ትራክተር ከኋላው በቆመበት ሰዓት ነው።

በስኮን ዙሪያ ልማዱ እስከ ዛሬ የቀጠለው በእሽቅድምድም ፈረስ ርቢ ነው። የዘር መዝገቡ ሕግ በተፈጥሮ መገናኘት ካልተወለደ በቀር ውርንጭላን ስለማይቀበል፣ ድንጉላው ዛሬም በሴፕቴምበር መግቢያ በእርሻው ይቆማል፤ ከ1990 ገደማ ወዲህ ከአውሮፓ በአውሮፕላን መጥቶ በደቡቡ ፀደይ የሚሠራም ሞልቷል። በ2007 ኦገስት ወር የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ከለይቶ ማቆያ ወጥቶ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሲዛመት፣ ፈረስ ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ፣ ሸለቆው የርቢውን ወቅት መጀመሪያ በጭንቀት አሳልፎታል።

ስለ ባዝራይቱ ከላይ ያነሣሁት ነገር ግን መልስ ሳያገኝ አልቀረም። በ1878 ዊልያም ዩዊል የአውስትራሊያን የፈረስ ዘር መዝገብ የመጀመሪያ ጥራዝ ሲያሳትም፣ በእንግሊዙ ሥርዓት መሠረት መዝገቡን ያዘጋጀው በእናቶች ስም ነው፤ እያንዳንዷ ባዝራ በፊደል ተራ ስሟ ይጻፍና፣ በየዓመቱ የወለደቻቸው ከሥሯ ይዘረዘራሉ። ከዚያ በኋላ ብሩስ ሎው የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በእንግሊዝ ታላላቅ እሽቅድምድሞች ያሸነፉትን ፈረሶች ሁሉ በእናት በኩል ብቻ ወደ ኋላ እየተከተለ፣ ትውልዳቸውን ወደ 43 የመጀመሪያ ባዝራዎች አደረሰ፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1895 በሎንዶን ታተመ። ከቁጥር የሚወጣ ትንቢት ያገኘ መስሎት የጨመረው ክፍል ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ የእናቶቹ ቆጠራ ግን ጸንቶ፣ የዘር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። በደቡቡ ምድር የተነሡት የእናት ሐረጎች ቅኝ ግዛትን በሚያመለክት ልዩ ፊደል ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚጀምሩት፣ ማን እንደ ወለዳት ባልተመዘገበች፣ ባለቤቷ ግን በአንድ የፀደይ ቀን ጥቂት ጊኒ ከፍሎ ወደ መልካም ድንጉላ ባደረሳት የእርሻ ባዝራ ነው።